ዊስቲን ከሦስተኛ ፎቅ ሲወርድ

«ቀስ በሉ እንጂ! ክርኔን ግድግዳው ላጠው!» አለ ዊስቲን።

አራት ጎረምሶች ወንበሩን በሁለት ወፋፍራም እንጨቶች ላይ አስረው በትከሻቸው ተሸክመውታል። እግሮቹ ከከዱት ወዲህ ከሦስተኛ ፎቅ ወርዶ አያውቅም። የከተማችን የቫሌታ ደረጃ እንደሆነ ይታወቃል፤ የመስቀል ጦር ባላባቶቹ በጥንት ዘመን ከተማዋን ሲቆረቁሩ ለአሳንሰር ቦታ አልተዉልንም፤ ምን በወጣቸው!

ቤቱ ተሽጧል። ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ወጥተው ክፍሎቹ የእንግዳ ማረፊያ ሆነዋል። በመርከብ የሚመጣው ሁሉ የእንጨት በረንዳችንን ፎቶ እያነሳ «ታድላችሁ!» ይለናል። ታድለን ሞተናል! ዛሬ ዊስቲን ወደ አረጋውያን መጦሪያ፣ ሚስቱ ቼንሳ ደግሞ ወደ እህቷ ልጅ ቤት ይሄዳሉ። መጦሪያው ውስጥ ቦታ የተገኘው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ጎረምሶቹ በየዓመቱ የካቲት ላይ የቅዱስ ጳውሎስን ሐውልት በትከሻቸው የሚያዞሩት ናቸው። ዊስቲንም በጉልበቱ ዘመን የተሸካሚዎች አለቃ ነበር። አለቃው እንጨቱን ሲያንኳኳ ሐውልቱ ያርፋል፤ «አንሱ!» ሳይል ማንም ንቅንቅ አይልም።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ እንጨቱን አንኳኳ። አወረዱት።

«ደክሟችኋል።»

«ኧረ አልደከመንም፣ ጋሼ!» አለ ከፊት የያዘው ናርዱ።

«የማውቀው እኔ ነኝ። ዝም ብለህ ተንፍስ።» ግድግዳውን ዳበሰ። «በጦርነቱ ጊዜ ቦምብ ሲዘንብ እናቴ እኔን አቅፋ እዚህ ሥር ነበር የተቀመጠችው። ቤቱ አልወደቀም።»

«አሁን እኛ ላይ ወደቀ» አለች ቼንሳ ከኋላ።

«አንሱ!»

አንደኛው ፎቅ ላይ እንደገና አንኳኳ። በመስኮቱ፣ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ መጨረሻ፣ ባሕሩ ይታያል። አየው፤ አየው። ከታች የመጦሪያው ሹፌር ጥሩምባውን ለቀቀው።

«ምን እየሠራችሁ ነው? መንገድ ዘግቻለሁ እኮ!»

«ጸሎት ላይ ነን!» ብሎ ናርዱ ጮኸ። ሁሉም ሳቁ፤ ዊስቲንም ሳቀ።

ከዚያ ትንሽ እንደወረዱ፣ ማረፊያ በሌለበት ደረጃ መሀል አንኳኳ። ያኔ መውረድ እንዳልፈለገ ገባቸው። የታችኞቹ ሁለቱ ወንበሩን በደረታቸው ደግፈው ቆሙ፤ አልደከመንም ያለ አልነበረም።

በሩ ላይ ሲደርሱም አንኳኳ። ከዚያ ወዲያ ደረጃ የለም። ወንበሩን መሬት አስነክተው «አንሱ» እስኪላቸው ጠበቁ። አላለም። የበሩን ድንጋይ ይዟል፤ ጨው የበላው ድንጋይ መዳፉ ውስጥ ይረግፋል።

ቼንሳ አጠገቡ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ተቀመጠች።

«ልጆቹ ሥራ አላቸው፣ ዊስቲን።»

«ይኑራቸው። ማታ መድኃኒቴን ማነው የሚሰጠኝ?»

«ነርሷ።»

«ስሟን እንኳ አላውቀውም።»

«ትነግርሃለች።»

«አንቺስ መቼ ትመጪያለሽ?»

«አውቶቡስ ሳገኝ» አለች።

ናርዱ ፊቱን አዞረ። «እትዬ ቼንሳ፣ እሱ ካላዘዘ እኛ አናነሳም። ከፈለጋችሁ መልሰን እናወጣዋለን።»

ወዴት? ቁልፉን ጠዋት አዲሱ ባለቤት ወስዶታል። ቼንሳ የባሏን ጣቶች ከድንጋዩ ላይ አንድ በአንድ አላቀቀች፤ መዳፉን በሻሿ ጠረገችለት።

ተነሳችና እንጨቱን ያዘች።

«አንሱ!» አለች።