ወንድም የሚለው ቃል ሲቀር

አባቴ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት የተረጎመው አንድ ቋንቋ ነው፤ የወዳጅ አገር ቋንቋ። እዚያው ሄዶ ተማረውና ሲመለስ እናቴን ይዞ መጣ። እማዬ አዋላጅ ናት። በሰፈራችን በእጇ ያልተወለደ ልጅ ቢፈለግ አይገኝም። የራሷ ግን እኔ ብቻ ነኝ።

አባባ ከሚሠራበት ክፍል ጥግ፣ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ፣ የጠላት አገር ቋንቋ የሚተረጉም ሰውዬ ነበር። ቀኑን ሙሉ የጠላትን ሬዲዮ እየሰማ ስለሚጽፍ ባልደረቦቹ «ጠላቴ» ይሉታል፤ እሱም አቤት ይላል።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ቃል ነው። የወዳጅነቱ ቀን ሲከበር አባባ የሚተረጉመው ንግግር ሁልጊዜ «ወንድም ሕዝብ» ብሎ ይጀምር ነበር። በዚያ ዓመት ረቂቁ ሲመጣ «ጎረቤት ሕዝብ» ይላል። የታይፕ ስህተት መስሎት አለቃው ዘንድ ገባ።

«ጌታዬ፣ ይቺ ቃል ተሳስታ ይሆን?»

አለቃው ቀና እንኳ ሳይል «የተጻፈውን ተርጉም» አለው።

በሚቀጥለው ወር የጠላቴ ጠረጴዛ ከጥግ ተነሥቶ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ፤ ስልክም ገባለት። የዚያ የጠላት አገር ልዑካን በጥቁር መኪና መጡ፤ ሰውዬው አዲስ ክራቫት አስሮ መሃላቸው ሲያስተረጉም በቴሌቪዥን አየነው። እማዬ «እንኳን ቀናው፣ ደግ ሰው ነው» አለች። አባባ ቴሌቪዥኑን አጠፋው።

ብዙም ሳይቆይ ሰውዬው አባባን ደረጃው ላይ አስቆመው።

«ባለቤትህን ዛሬ ነገ ሳትል ወደ አገሯ አሻግራት።»

«ምን ሰማህ?»

«እሱን አትጠይቀኝ። ከሚስቴ አገር ጋር የተጣላን ጊዜ እሷን ሲወስዷት ግን ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም።»

አባባ ቤት መጥቶ ሲነግራት እማዬ ልብስ እያጣጠፈች ነበር።

«ምን አጥፍቼ ነው የምሸሸው? መንታ ያረገዘችው ልጅ ወሯ ገብቷል፤ የአንደኛው ሕፃን አቀማመጥ አላማረኝም። ማን ላይ ጥያት ልሂድ?»

«አንቺዬ፣ እግርሽ ላይ ልውደቅ።»

«እስከ ዓርብ ታገሠኝ።»

ረቡዕ አባባ ጠረጴዛ ላይ አንድ ገጽ ማስታወቂያ ተቀመጠ። በእማዬ አገር የተወለደ ሁሉ በሦስት ቀን ውስጥ መታወቂያውን ይዞ እንዲመዘገብ ያዛል። እንዲገባቸው በቋንቋቸው ይተርጎም ተባለ። አባባ አንድ ቃል ሳያጎድል ተረጎመው። በኋላ ለምን ብዬ ስጠይቀው «እኔ እምቢ ብል የማይችል ሰው ይተረጉመውና ቀኑን ይሳሳቱ ነበር» አለኝ። ይህን ሲል ፊቴን አላየም።

ሐሙስ መንታዎቹ በሰላም ተወለዱ። እማዬ ከማዋለጃው ክፍል ስትወጣ ሁለት ሰዎች ኮሪደሩ ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር። ሦስቱ ቀን ገና አላለቀም። ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ ይዘዋት እንደሄዱ የነገረችን የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ከሌሎቹ ጋር በአውቶቡስ ጭነው ድንበሩ ማዶ አራገፏቸው። አባባ ልከተላት ብሎ ኤምባሲያቸው ሲሄድ በሩ ተቆልፏል። ማዶም የኛን ሰዎች መመዝገብ ጀምረው ነበር።

ከእማዬ አንድ ደብዳቤ ብቻ ደረሰን። ደህና ነኝ ትላለች። ሥራ ግን የሚሰጣት አላገኘችም፤ እዚያ ደግሞ የኛ አገር ሰው ሚስት ናት።

ባለፈው ሳምንት አባባ ከሥራ በጊዜ ተመለሰ። ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠና የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። በእናቴ ቋንቋ፣ በራሱ እጅ የተጻፈ ሌላ ማስታወቂያ ነው። «ከእነርሱ የተወለዱ ልጆችም» የሚለው ጋ ስደርስ ቀና ብዬ አየሁት።

«የሚለጠፈው ሰኞ ነው» አለኝ።

ቀኑ ዓርብ ነበር። ተነሥቼ ከቁም ሣጥኑ ላይ ሻንጣ አወረድኩ።