ከየትኛው ካልሲ?

ተኳሿ የምትሠራው የሆቴልና የግለሰብ ልብስ በሚታጠብበት ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ ቆማ አንሶላና ሸሚዝ ትተኩሳለች፤ ስትናደድ ካውያው ይፈጥናል። በዚያ ሰሞን ደግሞ እጅግ ፈጥኖ ነበር። ነገሩ የተጀመረው ልጇ ስልክ ግዢልኝ ባለችበት ምሽት ነው። የለኝም ስትላት፣ ልጅቱ በዚያ በአሥራ አምስት ዓመት አፏ፣ "ደመወዝሽ ግን የት ነው የሚሄደው?" ብላ ጠየቀቻት።

ልጅቱን ሰፈሩ ሁሉ ጠበቃ ነው የሚላት፤ ተከራክራ ተሸንፋ አታውቅም።

እናት ደሟ ፈላ። እግሯ እስኪያብጥ ቆማ ያመጣችው ገንዘብ የት ገባ ተብሎ ይጠየቃል? የደመወዟን ፖስታ ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

"እንኪ። ይህን ወር ቤቱን አንቺ ያዢው። ኪራዩን፣ አስቤዛውን፣ ታክሲውን፣ መብራቱን። እኔም ብሆን ሳልጠይቅሽ አምስት ሳንቲም አልነካም። የት እንደሚሄድ ያኔ ታዪዋለሽ።"

ለማስተማር ብላ ነው እንዳይባል፣ ለብቀላ ነበር። ሳምንት ሳይሞላት እያለቀሰች ትመልስልኛለች ብላ ጠበቀች። ጠበቃ ግን አላለቀሰችም። ልብስ ቤቱ ውስጥ ባለቤት ያጡ ነጠላ ካልሲዎች አይጠፉም፤ ተኳሿ ለመወልወያ እያመጣች ታጠራቅማቸዋለች። ልጅቱ ከነሱ አራት መረጠች። ጥቁሩ የኪራይ ሆነ፣ ባለመስመሩ የምግብ፣ የሕፃን ልጅ የምታክለዋ ደግሞ የታክሲና የመብራት። ሮዟን ለራሷ አደረገቻት። ወደ ትምህርት ቤት በእግሯ እየሄደች ያተረፈችውን የታክሲ ሒሳብ እዚያች ውስጥ ትከታለች።

እናቷን ይበልጥ ያናደዳት ነገሩ መሥራቱ ነው። ወሩ ተጋምሶ እንኳ ዘይት አላለቀም፣ ከባለሱቁም ዱቤ አልተወሰደም። ሽንኩርት የሚገዛው ገበያው ሊበተን ሲል ሆነ። አንድ ጠዋት ተኳሿ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ሻይ የምትጠጣበት ብትጠይቃት፣ "ሻይ እኛም ቤት አለ" ብላ በፔርሙዝ ቀድታ ሰጠቻት። ተኳሿ ፔርሙዙን ይዛ ወጣች። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ይቸግራል።

እሁድ ዕለት ጋሼ መጣ።

ጋሼ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ የመኪና ደላላ። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ያሳደጋት እሱ ነው፤ ይህን እሷም አትረሳም፣ እሱም እንድትረሳ አይፈቅድላትም። በየወሩ አንድ እሁድ ጫማውን አስወልውሎ ይመጣል፣ ደህነኛዋ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ሊሸጥ ጫፍ ስለደረሰ አንድ መኪና ያወራል። ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ መኪናው ተሸጦ አያውቅም። ከዚያ ቤት ባዶ ኪሱን ወጥቶም አያውቅም።

"ኮሚሽኔ ማክሰኞ እጄ ይገባል" አለ። "እስከዚያው ትንሽ እጅ አጥሮኛል።"

ተኳሿ ለምዳዋለችና ሳታስብ ወደ ጓዳ ተጣራች። "ጠበቃ፣ ለጋሼ ገንዘብ አምጪላቸው።"

ልጅቱ ብቅ አለች። "ከየትኛው ካልሲ?"

"የምን ካልሲ?" አለ ጋሼ።

ልጅቱ አራቱንም አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ፊቷ ላይ ስድነት አልነበረም፤ የእውነቷን ነበር የምትጠይቀው። "ጥቁሩ የኪራይ ነው። ይሄ የምግብ፣ ይቺ የታክሲና የመብራት። ከየትኛው ልስጥዎ?"

ጋሼ ወደ እህቱ ዞረ። "እንዲህ አድርገሽ ነው ያሳደግሻት? አሁን በልጅ ነው የምትተዳደሪው?"

ተኳሿ በሀፍረት ተቃጠለች። ልጅቱን በጥፊ ልታጠናግራት ምንም አልቀራትም። ያሳደጋት ወንድሟ ቤቷ መጥቶ በካልሲ ይዋረድ? "ከጥቁሩ አምጪ" አለች። "አምጪ ብያለሁ።"

"ኪራዩ ሐሙስ ነው የሚከፈለው" አለች ጠበቃ። "ባለፈው ወር አከራይዋ ደጃፍ ላይ ስትጮህብሽ ሰምቻለሁ። ግን ገንዘቡ ያንቺ ነው፤ አንቺ ስጪያቸው።" ጥቁሩን ካልሲ እናቷ እጅ ላይ አኖረችው።

ካልሲው ከበድ ይላል። ተኳሿ ቀኑ ሳይደርስ ተሟልቶ የተቀመጠ ኪራይ ይዛ አታውቅም። እጇን ሰደደች፤ እጇም እዚያው ካልሲው ውስጥ ቀረ።

የጋሼ ትዕግሥት አለቀ። "በቃ፣ የኪራዩን ተዪው። ያቺ ሮዟስ?"

"የስልኬ ናት" አለች ልጅቱ።

"ስልክ የትም አይሄድም፣ ይደርሳል" ብሎ ሮዟን አነሳት።

በሩ ሥር የልጅቱ የትምህርት ቤት ጫማ ተቀምጧል፤ ሶሉ ባንድ ወገን ተበልቶ አልቋል። ተኳሿ ጫማውን አየችው። ከዚያ በኋላ የተናገረችውን አስባ አይደለም የተናገረችው።

"አስቀምጥ" አለችው፤ ዕድሜ ልኳን አንቱ ስትል የኖረችውን ወንድሟን።

"ምን አልሽ?"

"አስቀምጥ አልኩህ። አሳድገኸኛል፣ አልካድኩም። ከሠርጌ ማግስት ጀምሮ ስከፍልህ ኖሬያለሁ፤ ባሌን ቀብሬ በመጣሁበት ወር እንኳ ከፍያለሁ። ይቺ ልጅ ግን የበላችብህ የለም። በእግሯ ሄዳ ያመጣችውን አትወስድባትም።"

"ለካልሲ ብለሽ ወንድምሽን ታስወጪያለሽ?"

"አዎ፣ ለካልሲ ብዬ።"

ጋሼ ሮዟን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ወጣ። በሩን አልዘጋውም፤ እንዲጠሩት ሳይሆን አይቀርም። ማንም አልጠራውም።

ተኳሿ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ንዴቷ አልበረደም፤ እንዲያውም በየወሩ የዋጠችው ሁሉ አንድ ላይ ተነሳባት። ለወንድሟ ሆዷ ማዘኑ ደግሞ ይባስ አናደዳት።

"አንቺም ብትሆኚ" አለቻት ልጇን፣ "ትልቅ ሰው እንደዚያ አይባልም።"

"እሺ።"

"እሺ አትበይኝ።"

በተከፈተው በር ጋሼ ግቢውን አቋርጦ ሲሄድ ይታያል፤ ጫማው ከሩቅ ያበራል።

"ደመወዝሽ የት ነው የሚሄደው ብለሽኝ አልነበር?" አለች እናት። "ያውልሽ። ጫማውን አስወልውሎ ሲሄድ እዪው።"

ልጅቱ አልሳቀችም። ካልሲዎቹን ከጠረጴዛው ላይ ሰበሰበች፤ ጥቁሩ ብቻ ገና እናቷ እጅ ላይ ነበርና እጇን ዘርግታ ጠበቀች። ተኳሿ ትንሽ ይዛው ቆየች፤ ከዚያ መለሰችላት።