በግንበኛው ደረት ላይ ያለው ሐብል

በግንበኛው ደረት ላይ ሐብል ነበር።

የክሊኒኩ መዝገብ ያዥ እትዬ መዝገብ መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጫፍ ወለወሉና እንደገና ኮምፒውተሩ ላይ አፈጠጡ። በራጁ ምስል ላይ፣ ከጎድን አጥንቶቹ መሃል፣ አንዲት ሴት ማውለቅ የረሳችው ሐብል ነጭ ሆኖ ተጋድሟል። የፋይሉ ስም ግን የግንበኛው ነው። ሰውየው ከግማሽ ሰዓት በፊት ሲሚንቶ የበላው እጁን በመስኮታቸው አስገብቶ ጨብጧቸው፣ «ሳንባህ ንጹህ ነው ተባልኩ፣ እትዬ። ነገ ወደ ጣራዬ ነው» ብሎ እየሳቀ ወጥቷል። ሳቁ መሃል ላይ ሳል ሆነበት። ያ ሳል ነው አላስቀምጥ ብሏቸው ፋይሉን ያስከፈታቸው።

እሳቸው ቤታቸውን ቆልፈው ሦስት ጊዜ እየተመለሱ እጀታውን የሚነካኩ ሴት ናቸው። የልጅ ልጃቸው «አያቴ፣ በሩ ራሱ ሰለቸው» ትላቸዋለች። ትበል። መዝገባቸውን በብብታቸው ሸጉጠው የክሊኒኩን ደረጃ ሲወጡ ንዴቱ የጉልበታቸውን ሕመም አስረሳቸው።

የኮምፒውተር ባለሙያው ሻይ ይዞ ተቀምጧል።

«ጠዋት ስንት ፋይል ነው ስሙን የቀየርከው?»

«ሰማንያ አራቱንም። ማሽኑ በቁጥር ብቻ ነበር የሚያስቀምጣቸው፤ እርስዎ የጻፉትን የስም ዝርዝር በተርታ ሰጠሁት። በሊኑክስ አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፍኩ፣ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ አለቀ።»

«አየኸውስ?»

«የመጀመሪያውን ከፍቼ አየሁ። ልክ ነው።»

«ሁለተኛውንስ?»

ሻዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ማሽኑ ላይ የቀሩትን ዋናዎቹን ምስሎች አሳየኝ። በቁጥራቸው።»

በኮምፒውተሩ ጥቁር ገጽ ላይ ቁጥሮቹ ተደርድረው ወረዱ። አንድ። ከሥሩ አስር። ከዚያ አስራ አንድ፣ አስራ ሁለት። ሁለት ቁጥር አስራ ሁለተኛው መስመር ላይ ቁጭ ብላለች። ግንበኛው በመዝገቡ ሁለተኛ ነው። የእሱን ስም የወሰደው የአስረኛዋ ሴትዮ ደረት ነው።

ባለሙያው ፊቱ ዐመድ መሰለ። «ቁጥሮቹን እንደ ፊደል፣ በመጀመሪያው አሃዝ ነው የሚደረድራቸው… ከፊታቸው ዜሮ ካልተጨመረ።»

«ዜሮ መጨመር ከበደህ?» ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር፤ ከጩኸት የከፋ። «እኔ እያንዳንዱን ስም ሁለት ጊዜ እያነበብኩ ነው የምጽፈው። አንተ አንዱን አይተህ ሰማንያ ሦስት ሰው ላይ ማልክ። ክፈተው፣ ሁለትን።»

ተከፈተ። ሐብል የለም። በግራው ሳንባ ላይኛው ጫፍ የአውራ ጣት የሚያህል ነጭ ጥላ አለ። ሐኪም ባይሆኑም ሃያ ስድስት ዓመት ራጅ ሲያመላልሱ ኖረዋል።

«እትዬ፣ መጀመሪያ ለሥራ አስኪያጁ ልንገር። ስም እንዳይጠፋብን ቀስ ብለን ነገ…»

«ነገ ጣራ ላይ ነው ያለው።»

የጠረጴዛውን ስልክ ወደራሳቸው ጎተቱ። ባለሙያው እጁን ዘረጋ፤ አይናቸውን አይቶ መለሰው። «አንተ ለሐኪሞቹ ሁሉ ንገር፤ ከዛሬዎቹ ምስሎች ላይ ማንም ምንም እንዳያነብ። ሂድ።»

ወጣ። የግንበኛውን ስልክ ቁጥር ከመዝገቡ ላይ በጣታቸው እየተከተሉ መቱ፤ ከመጥራቱ በፊት አንድ ጊዜ ደግመው አመሳከሩ። እየጠራ ሳለ ንዴታቸውን ፈለጉት። አሁን ነበር የሚያስፈልጋቸው፣ እሱም ከባለሙያው ጋር ደረጃውን ወርዷል።

ከወዲያ የመኪና ጡሩምባ፣ የሰው ጫጫታ ተሰማ።

«አቤት፣ እትዬ መዝገብ!» አለ ግንበኛው፣ ሳቁ ገና ሳያልቅ። «ምን ረስቼ መጣሁ?»