ሽማግሌ ሊልክ አንድ ቀን ሲቀረው

ግሩም ነገ ከቸርች በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ሽማግሌዎቹ ተለምነው እሺ ብለዋል፤ የቀረው የማዕዶት አባት ጋሽ ብዙአየሁ ልጃቸውን መፍቀዳቸው ብቻ ነው። «ብቻ» ማለት ቀላል ነው! ማዕዶት እንደሆነች «አባዬ ካልመረቀን እኔ የለሁበትም» ብላ ቁርጡን ነግራዋለች።

ጋሽ ብዙአየሁ በልጃቸው የቪዛ ፕሮሰስ ከባሕር ዳር እዚህ ፈረንጅ አገር ከመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። ፓልምስ በሚባለው ሰፈር፣ በማዕዶት አፓርትመንት ውስጥ፣ ጠዋት የከፈቱትን ቴሌቪዥን ማታ ነው የሚያጠፉት። ሶ፣ ልጅት አሰበችና፣ «አንተ ቅዳሜ ቅዳሜ ባይክ ትነዳ የለ? አባዬም ዕድሜ ልኩን ሳይክል ላይ የኖረ ሰው ነው። ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ይዘኸው ውጣ፤ ትላመዳላችሁ» አለችው።

«ምን ችግር አለ፣ በደስታ!» አላት። ችግርማ ነበረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግሩም በአዘቦት ቀን ስልኩ በጮኸ ቁጥር ሰው የሚያመላልስ ሾፌር ነው፤ ከኋላ የተቀመጠ ሁሉ ማጅራቱን እያየ ያዝዘዋል። ቅዳሜ ግን ሌላ ሰው ነው። ቅዳሜ ከከተማ ወጣ ብሎ፣ አስፋልት ባልነካው የጠጠር መንገድ ላይ ከሚነዱ ፈረንጆች ጋር፣ ገላው ላይ የተለጠፈ ልብሱን ለብሶ፣ በአንድ እጅ በሚነሳው ባይኩ ይከንፋል። እዚያ በስሙ ይጠሩታል። ዳገት ላይ ሲቀድማቸው ያጨበጭቡለታል። ያቺን ቅዳሜ ለማንም ማካፈል አይፈልግም፤ ያውም ለአማት!

ቅዳሜ ጠዋት ሊወስዳቸው ሲመጣ ጋሽ ብዙአየሁ ደጅ ወጥተው ጠበቁት። ከላይ ኮት፣ ከታች ሰፊ የሱፍ ሱሪ፤ የሱሪው የቀኝ እግር ሰንሰለቱ እንዳይነክሰው ካልሲ ውስጥ ተጠቅጥቋል። ሳይክላቸው ማዕዶት ከሰፈር ሰው አሮጌውን የገዛችላቸው፣ ፊቱ ላይ ቅርጫት ያለው የሴት ሳይክል ነው። ግሩምን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩትና፣ «ልጄ፣ ሱሪህን ረሳኸው እንዴ?» አሉት።

ጥርሱ ሳቀ፤ ልቡ ግን አልሳቀም።

መንገዱን ሁሉ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ መስኮቱን ከፍተው፣ ሲያጫውቱት ሄዱ። ከእናቷ ጋር እንዴት እንደተጋቡ፣ ማዕዶትን ሕፃን ሳለች ሳይክሉ ላይ ከፊታቸው አስቀምጠው ጣና ዳር ሲያዞሯት እንዴት እንቅልፍ ይወስዳት እንደነበር አንድ ሳያስቀሩ ነገሩት። እሱ «እህ፣ እህ» ይላል፤ ሐሳቡ ያለው ኮታቸው ላይ ነው።

የሄዱበት ቦታ ድሮ ማዕድን ሲወጣበት የኖረ ነው። ቆፍረው ቆፍረው ሲጨርሱ ጥለውት ሄደው ነበር አሉ። ኋላ ግን ጉድጓዶቹ ውሃ ሞልተው ሐይቅ ሆኑ፣ የአፈሩ ክምር ተደልድሎ ጥድ ተተከለበት። አሁን የጠጠሩ መንገድ ሐይቆቹን እየዞረ ጫካ ይገባል፤ ከጫካው ሲወጣ ደግሞ አስታ በሚመስል ቁጥቋጦ የተሸፈነ ሰፊ ሜዳ ላይ ይዘረጋል። ግሩም ይህን ሲነግራቸው ጋሽ ብዙአየሁ ሳይክላቸውን አቁመው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰው ያበላሸውን ሰው ሲያበጀው እንዲህ ያምራል? ተመስገን ነው!» አሉ።

ፈረንጆቹ ክፉ አልነበሩም፤ ይህን መናገር አለብኝ። አስተባባሪያቸው ዴብራ፣ ጡረታ የወጣች፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት፣ ጋሽ ብዙአየሁን በፈገግታ ተቀበለቻቸው። እሳቸውም ከኋላ ከኋላ እየተከተሉ፣ የሚያልፋቸውን ብስክሌተኛ ሁሉ ባርኔጣቸውን አንስተው «ሃይ!» ይላሉ። ቅርጫቱ ጠጠር ላይ ይንኳኳል። በተንኳኳ ቁጥር ግሩም ጆሮው ይግላል። ማንም ምንም አላለውም እኮ! ራሱን በራሱ ነው የሚያሳቅቀው።

ትልቁ ሐይቅ ዳር ለእረፍት ቆሙ። ፈረንጆቹ የታሸገ ብስኩታቸውን ከኪሳቸው ሲያወጡ፣ ጋሽ ብዙአየሁ ከቅርጫታቸው ፌስታል አወጡ። በሶ ነው። ውሃ ጠብ አደረጉበትና እዚያው ፌስታሉ ውስጥ አሹት፣ ጨበጡት። ከዚያ ጭብጦውን በእጃቸው ይዘው ተነሡ።

«ጋሼ፣ ግድ የለም፣ ይተዉት» አለ ግሩም በሹክሹክታ።

«እንዴ! ሰው እያየን ብቻችንን እንብላ?»

ሄዱላችሁ። ላብ ያጠመቀው አንድ ጎረምሳ አፍ ላይ ጉርሻ ደቀኑ። ጎረምሳው ደንግጦ ፊቱን አዞረ፤ ሌሎቹ ተያዩ። ግሩም መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር። ዴብራ ግን አፏን ከፈተች፤ ጎረሰች። እያኘከችም ወደ ግሩም ዞራ፣ በእንግሊዝኛ፣ «እንዴት ደስ የሚሉ ሰው ናቸው! አባትህ ናቸው?» አለችው።

በደህና ቃል የተጠየቀ ቀላል ጥያቄ ነበር። «የእጮኛዬ አባት ናቸው» ቢል ያልቅ ነበር። ምላሱን ምን እንደያዘው እንጃ፤ «ኖ፣ ኖ! ካስተመር ናቸው። ራይድ ሰጥቻቸው ነው» አለ።

አይ ግሩም! ጋሽ ብዙአየሁ እንግሊዝኛ ባይዘልቃቸውም «ካስተመር» ደንበኛ ማለት እንደሆነ፣ አበሻ በሞላበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ የማያውቅ አለ? ጣታቸው ላይ በሶ እንደተለጠፈ ቆም አሉ። አላዩትም። ፌስታሉን ቋጠሩ፣ እጃቸውን ሐይቁ ውስጥ ታጠቡ፣ ሳይክላቸው ላይ ወጡ።

በመልሱ ጉዞ ማንንም «ሃይ» አላሉም። ያ ሁሉ ጥድ፣ ያ ሁሉ የአስታ ሜዳ ሲያልፍ ግሩም አንዱንም አላየም። «አልሰሙም፤ ቅርጫቱ ሲንኳኳ አልሰሙም» እያለ ራሱን ሲያታልል ቆየ። ሳይክሉ ያን ጊዜ ቆሞ እንደነበር እያወቀ!

መኪናው ጋ ደረሱ። ሳይክሎቹን ጭኖ ሲዞር ጋሽ ብዙአየሁ የኋላውን በር ከፍተው ገብተዋል።

«ጋሼ፣ ፊት ይግቡ እንጂ።»

«ካስተመር ከኋላ ነው የሚቀመጠው» አሉት፤ ቁጣ የለው፣ ሽሙጥ የለው። ቀበቷቸውንም አሰሩ።

ድራይቭ እያደረገ ሦስት አራት ጊዜ «ጋሼ፣ እኔ...» ብሎ ጀመረ። «መንገድህን እይ» ይሉታል። ዓይኑን ወደ መስታወቱ ባነሳ ቁጥር በመስኮት ሲመለከቱ ያገኛቸዋል። በሥራው ስንት ሰካራም፣ ስንት ተሳዳቢ ጭኗል፤ እንደዚያ ቀን ግን ማጅራቱ ተቃጥሎ አያውቅም።

ፌርፋክስ ሲደርሱ ማዕዶት ከምትሠራበት ሱቅ ደጃፍ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር። አባቷ ሲወርዱ አየችና፣ «አባዬ፣ ምነው ከኋላ?» አለች።

«እግሬን ልዘረጋ ብዬ ነው። ዳገቱ ገደለኝ እኮ!» ብለው ሳቁ። «ልጁ ግን ይባረክ፤ በደንብ ነው የያዘኝ።»

የማዕዶት ፊት በራ። ግሩምን በዓይኗ አመሰገነችው። በቃ፣ ተሸፍኖለታል። ነገ ሽማግሌ ይገባል፣ ይመረቃል፣ ይጨበጨባል። ግን ያ «በደንብ ነው የያዘኝ» ከስድብ ሁሉ ባሰበት።

«ውሸታቸውን ነው» አለ። «ለእኔ ብለው ነው።» ከዚያ ሐይቁ ዳር ያደረገውን፣ አንገቱን ደፍቶ፣ መንገደኛ እየገፋው፣ ነገራት።

ጋሽ ብዙአየሁ አሁን ገና ተቆጡ። «አንተ ልጅ፣ ምን አስለፈለፈህ? ሸፍኜልህ አልነበረም?»

ማዕዶት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። «አባቴን? ካስተመር? ነገ ማንንም እንዳትልክ» አለችውና ልትገባ ዞረች።

«ቆይ» አሏት አባቷ። «ይላክ። ነገር ግን ከሽማግሌዎቹ ጋር ያቺን በሶዬን የጎረሰችውን ሴትዮ ይጨምር። እኔ ማን እንደሆንኩ፣ ከቤቴ ምን ፈልጎ እንደመጣ፣ በራሱ አፍ ነግሯት ትምጣ። ያኔ መልስ እሰጣለሁ።»

«ጋሼ፣ እሷ እኮ ፈረንጅ ናት፤ ሽማግሌ ምን እንደሆነ አታውቅም!»

«ታውቃለች አልኩ? ንገራታ!»

አባትና ልጅ ሱቁ ውስጥ ገቡ። ግሩም መኪናው ውስጥ ተመልሶ ስልኩን አወጣ። ሽማግሌን በእንግሊዝኛ ምን ብሎ እንደሚያስረዳ ቢያስብ ቢያስብ፣ ከየትም ቢጀምር «ዋሽቼሻለሁ» ከሚለው ማምለጫ የለውም። ደወለ።

«ሃይ፣ ግሩም!» አለች ዴብራ፣ ደስ ብሏት። «ያ ደግ ካስተመርህ በሰላም ገቡ?»

ግሩም ቀና አለ። በሱቁ መስታወት በኩል ጋሽ ብዙአየሁ ቆመው እያዩት ነው።

«ዴብራ» አለ፣ «ካስተመሬ አይደሉም።» ከዚያም ፊቱ እየነደደ፣ ከመጀመሪያው አንስቶ ይነግራት ጀመር።