አርባ አንድ ቀይ መስመሮች

«ልጆቹን የት አደረስሻቸው?» አሉ ጋሽ ኮማ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው።

ተርጓሚዋ የትኞቹን ልጆች እንደሆነ አልገባትም። ቢሮው ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው አልነበረም። የሰፈር ልጆች አንድ ነገር ሰብረው ይሆናል ብላ ወደ መስኮቱ ዞር አለች።

«መኪና አጣቢውንና እህቱን ነዋ። ባለፈው እዚህ ወረቀት ላይ ሲንጫጩ ነበር። ዛሬ ሁለቱም ጠበቃ ሆነው መጡ።»

ያን ጊዜ ገባት፤ ከገባት በኋላ ደግሞ ምነው ባልገባኝ አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢሮው የፊልም ንግግር እየተረጎመ ከስክሪኑ ግርጌ የሚነበበውን ጽሑፍ ያዘጋጃል። እሷ እንግሊዝኛውን ወደ ፈረንሳይኛ ትመልሳለች፤ ለአንዲት ኮማ ሲሉ ምሳቸውን የሚተዉት ሽማግሌ አራሚ ደግሞ፣ በዚሁ ጠባያቸው ጋሽ ኮማ የተባሉት፣ ታትሞ ሲሰጣቸው በቀይ እስክሪብቶ ያርማሉ። የሦስት ወር የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶታል። መቀጠር አለመቀጠሯ በዚህ አንድ ክፍል ላይ ተንጠልጥሏል። ደንበኛው ከወደደው ተከታታይ ፊልሙን በሙሉ ለቢሮው ይሰጣል፣ እሷም ትቀጠራለች። ካልወደደው ሁለቱም የለም።

ፊልሙ መኪና እጥበት ቤት የሚሠሩ የወንድምና የእህት ታሪክ ነው። ከአፋቸው አንድ ቀጥ ያለ እንግሊዝኛ አይወጣም፤ ብሮ ሲባባሉ ይውላሉ፣ ቀሪውም የመንገድ ቋንቋ ነው። ለእያንዳንዱ ቃል የፈረንሳይኛ አቻ ስትፈልግ፣ አንዱ መስመር ከሠላሳ ሰባት ፊደል እንዳያልፍ ስትቆጥር ሁለት ሳምንት ከርማ ነበር ያስረከበችው። ወረቀቱ ሲመለስላት አርባ አንድ ቦታ በቀይ ተሰምሮበታል። አንድ ቃል አልተጻፈበትም። መስመር ብቻ።

ሌላ ሰው ቢሆን ሄዶ ይጠይቅ ነበር። እሷ ግን «ዝም አይነቅዝም» እየተባለች ያደገች ናት። በአራት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍል ውስጥ እጇን ያወጣችው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንደኛውም መስኮቱ ይዘጋልኝ ለማለት ነበር። ቀይ ማለት ስህተት ማለት ነው ብላ፣ አንገቷን ደፍታ አርባ አንዱንም አጸዳች። ወንድምየውን «ብትፈቅጂልኝ» አስባለችው፤ እህትየውን «እጅግ አዝናለሁ» አስባለቻት። አዲሱን በአሮጌው ፋይል ላይ አስቀመጠችው፤ አሮጌው ጠፋ። የተሰመረበትንም ወረቀት በቢሮው ደንብ መሠረት መቆራረጫ ማሽን ውስጥ ከተተችው። ፊልሙ ሳይወጣ ወሬው እንዳይወጣ፣ ረቂቅ ሁሉ መጨረሻው እዚያ ነው።

«ጋሼ፣ አስምረውበት ስለነበር ነው» አለች።

እሳቸውም ያሰመሩት ያልገባቸውን እንደሆነ ነገሯት። የእሳቸው ፈረንሳይኛ የትምህርት ቤት ነው፣ አርባ ዓመት አልፎታል፤ የዛሬ ወጣት ምን እንደሚል ከየት ያውቁታል? ስህተት ሲያገኙማ ይሰርዛሉ። ከእሷ በፊት የነበሩት ሁሉ መስመሩን ሲያዩ እየመጡ ያስረዷቸው ነበር። እሷም ትመጣለች ብለው ሁለት ቀን ጠብቀዋል።

«በደጄ እየተመላለስሽ ዝም ስትይ፣ ይቺ ልጅ ኮራችብኝ እንዴ ብዬ ነበር» አሉ።

ኮራች። እሷ! ተናደደች፤ በእሳቸው ይሁን በራሷ ለይታ አላወቀችውም። ሥራው እኩለ ቀን ላይ መላክ አለበት፤ የቀራት ሦስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው።

ቁጭ ብላ እንደገና ጀመረች። የመንገድ ቃል ክፋቱ፣ በጠሩት ጊዜ አቤት አይልም። ባለፈው ሳምንት ልክክ ብሎላት የነበረው ሁሉ ውሃ በልቶታል። ያስታወሰችውም ቢሆን ግማሹ ያረጀ፣ ግማሹ የሌላ ሰፈር ሆኖ ታያት። ፈረንሳይኛ በሚነገርበት አገር ጫማ የምትሸጥ የአክስት ልጅ አለቻት፤ ደወለችላት። ያቺ በአንድ በኩል ገበያተኛ ጫማ እያስለካች፣ በሌላ በኩል ያቀረበችላትን ቃል ሁሉ መለሰችባት። አንዱን ዛሬ ማንም አይለውም። ሌላውን ሲል የሰማችው የድሮ ትምህርት ቤታቸውን ዘበኛ ብቻ ነው፤ እሱም ጡረታ ወጥቷል።

«አንቺ እኮ ከመጽሐፍ ነው የምትሳደቢው፣ እህቴ» አለቻት።

ቢሆንም እየተነጫነጨች፣ እየሰረዘች፣ አርባውን መለሰች። ጋሽ ኮማ ወንበራቸውን ጎትተው አጠገቧ ተቀምጠዋል። ያልገባቸው ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ያሳርፋሉ፤ እሷም ታስረዳቸዋለች።

አንዱ ግን እንቢ አለ። እህትየው በማግስቱ ሆስፒታል ሄዳ ውጤት ትቀበላለች፤ ብቻዋን መሄድ ፈርታለች። ስፖንጇን እየጨመቀች፣ ነገ ምናልባት ካልደከመህ ብላ ትጀምራለች። ወንድምየው አያስጨርሳትም። «ሴይ ለስ» ብሏት ወደ መኪናው ይመለሳል። ገባኝ፣ አትለምኚኝ፣ አለሁ ማለቱ ነው፤ ይህን ሁሉ በሁለት ቃል። በፈረንሳይኛ «እሺ» ስታስብለው ቀዘቀዘ። «ከዚህ በላይ አትናገሪ» ስታስብለው እንደገና ጠበቃ ሆነ። የአክስቷ ልጅ የሰጠቻት ደግሞ «ቶሎ በያ» የሚል ቁጣ አለበት።

«በእኔ ተማመኚ ቢላትስ?» አሉ ጋሽ ኮማ።

«እሱ የኢንሹራንስ ማስታወቂያ ነው፣ ጋሼ።»

እሳቸው ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆኖባት፣ እየጻፈች ታጠፋለች፣ እያጠፋች ትጽፋለች። አሥር ደቂቃ ሲቀር እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሳች፤ መስመሩ ባዶ ነበር። ወንድምየው ሲሄድ በእርጥብ እጁ የእህቱን ትከሻ መታ ያደርጋል፤ ያየ ሰው ይገባዋል ስትል አስረዳቻቸው። ጋሽ ኮማ በዕድሜያቸው ባዶ መስመር ልከው አያውቁም። እንጀራዋ በዚህ ላይ መሆኑን አስታወሷት፣ ትንሽ እንድታስብበትም ለመኗት።

«አስቤበታለሁ» አለች። «የማይለውን ከማስብለው ዝም ይበል።»

ላኩት።

መልሱ በማግስቱ መጣ። ደንበኛው ሥራውን ወዶታል፣ ተከታታዩንም በሙሉ ለቢሮው ሰጥቷል። አሥራ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ተዘሎ የቀረውን አንድ መስመር ግን ራሳቸው እንደሞሉት፣ እሷም እንዳትጨነቅ በትሕትና ጽፈዋል። ከፍታ ስታየው ወንድምየው «እወድሻለሁ፣ እህቴ» ይላል። ያ መስመር እንዲሰረዝ ደብዳቤ ጻፈች፤ ጊዜው አልፏል የሚል መልስ አገኘች። ሰኞ ጠዋት የቅጥር ውሏን ፈረመች፣ ከዚያም የሁለተኛውን ክፍል የመጀመሪያ ገጽ ትርጉም አትማ ለጋሽ ኮማ ወሰደችላቸው።