ጉንዳኗና የጋሽ ኦዞሪዮ ስም

ጁሬማ በሳኦ ፓውሎ ግንቦች ላይ ነጠላ ጫማ ያደረገች ቀይ ጉንዳን መሳል ከጀመረች አሥራ አምስት ዓመት ሆኗታል። ጉንዳኗ ቺካ ትባላለች። ሁልጊዜ ጭንቅላቷ ላይ ከአቅሟ በላይ የሆነ ነገር ትሸከማለች፤ ማቀዝቀዣ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ አንዴም ወንበሩ ላይ የተኛ ፖሊስ። ጁሬማ በዚህች ጉንዳን ሰበብ ሦስት ጊዜ ታስራለች። በአራተኛው ጊዜ ግን ሥራዋ ለሕፃናት እንደሚጠቅም ተደረሰበትና አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ለልጆች ፕሮግራሙ ጠራት።

ጉንዳኗን ከተማው ሁሉ ያውቃታል፤ ስሟን ግን ጁሬማ ከምትኖርበት ከብራዚላንጂያ ሰፈር ውጪ የሚያውቀው የለም። ጁሬማ የምትመኘው ይህንኑ ነበር፦ አገር ሁሉ ጉንዳኗን ቺካ ብሎ እንዲጠራት። ልጇ ታይስም ለክፍል ጓደኞቿ ወሬውን አዳርሳ ጨርሳለች።

አዘጋጁ ሌዮኔል ስቱዲዮ ውስጥ ከኮምፔርሳቶ የተሠራ ግንብ አሳያት። መሐሉ ላይ በትልልቅ ጥቁር ፊደላት አንድ ቃል ተጽፎበታል።

«ይሄን ማን ጻፈው?» አለች።

«እሱን ተይው፤ መንገድ እንዲመስል አስጽፈነው ነው። ላዩ ላይ ቀቢበት።»

«ባለቤቱን ሳልጠይቅማ አልቀባም።»

«እናትዬ፣ የውሸት ግንብ እኮ ነው! ባለቤቱ ጣቢያው ነው።»

«ጣቢያው እጅ አለው እንዴ?»

የሰው ሥራ ላይ ሳያስፈቅዱ መቀባት በእነ ጁሬማ፣ በግንብ ሠዓሊዎቹ ዘንድ፣ በጥፊ ከመምታት አይተናነስም። ሌዮኔል ይህን ሕግ አያውቅም፤ ጁሬማ ደግሞ ከዚህ ሌላ የምታከብረው ሕግ ብዙም የላትም። ቀረጻው ቆሞ ጸሐፊው ተፈለገ።

ጸሐፊው በአናጺዎቹ ክፍል ውስጥ ዳቦ ሲበሉ ተገኙ። ጋሽ ኦዞሪዮ የጣቢያው ቀለም ቀቢ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ባሕርና ቤተ መንግሥት ሲስሉ፣ የሳሉት በሳምንቱ ሲፈርስ ኖረዋል።

«ጋሼ፣ ጽሑፍዎ ላይ መቀባት ፈልጌ ነበር። ይፈቅዱልኛል?»

«ምን አልሽ?»

«ላስፈቅድዎት ነው።»

ዳቦአቸውን አስቀመጡ። «እዚህ ቤት እኔን ጠይቆ የሚያውቅ የለም» አሉና ጥቂት አሰቡ። «እንግዲህ ከተጠየቅኩ፣ አልፈቅድም።»

ሌዮኔል ራሱን ያዘ።

«ስሜ ነው» አሉ ጋሽ ኦዞሪዮ። «የፈለግከውን ጻፍ አሉኝ፤ ሌላ የፈለግኩት ነገር አልነበረም።»

ጁሬማ በጣም ተናደደች። ግን ጠይቆ፣ እምቢ ሲሉት የሚቀባ ሰው ጭራሽ ካልጠየቀው ይብሳል። ተመልሳ ከጽሑፉ ሥር ቺካን ሳለቻት፤ ስሙን እንዳለ አሸከመቻት፤ አንቴናዎቿንም በፊደላቱ መሐል ጠመጠመቻቸው። ሌዮኔል ስሙን ለመቁረጥ ካሜራውን ዝቅ ቢያስደርግ የጉንዳኗ ዓይኖች አብረው ተቆረጡ። አማራጭ ስላጣ እንዳለ ተቀረጸ።

ቅዳሜ ፕሮግራሙ ተላለፈ። አቅራቢዋ አራት ጊዜ «ቺካ» ብላለች። ማንበብ ገና የተማሩ ልጆች ግን የሚያምኑት ያነበቡትን ነው። ሰኞ ታይስ ከንፈሯን ጥላ ከትምህርት ቤት መጣች።

«እማዬ፣ ሁሉም ኦዞሪዮ ነው የሚሏት!»

«ቺካ ናት አትያቸውም?»

«አልኳቸው። ‹ተጽፎ የለ እንዴ› አሉኝ።»

ምሳ ሳይበሉ ስልክ ተደወለ። ጋሽ ኦዞሪዮ ነበሩ።

«ልጄ፣ ጉንዳንሽን በስሜ ሲጠሯት ሰማሁ። አፈርኩ። በቃ ፈቅጃለሁ፣ ቀቢበት።»

ከኋላቸው የልጅ ልጆቻቸው «ኦዞሪዮ! ኦዞሪዮ!» እያሉ ቤቱን ያናውጡታል። ጁሬማ ቺካን ስትስል የኖረችበት አሥራ አምስት ዓመት አሳዘናት። ሽማግሌው ግን ልጆቹን ዝም አላሰኙም።

«ይቅር፣ ጋሼ» አለች።

በማግስቱ ሰፈሯ ውስጥ አዲስ ግንብ ጀመረች። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ሁለት ሴት ልጆች ቆመው አዩዋት።

«ኦዞሪዮን ነው የምትስይው?»

ጁሬማ ብሩሿን ቀለሙ ውስጥ ነከረች።

«አዎ፣» አለች፤ «እሱን ነው።»