የሳሉ ባለቤት

የላውንደሪው ሴቶች «ጀነራል» ይሏታል። ካውያዋን ይዛ ከቆመች የማይሸነፍላት ጨርቅ የለም፤ አለቃው እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያናግራት። ይህችው ሴት ዛሬ ሐኪም ፊት ቁጭ ብላ እንደ አዲስ ተማሪ አቀርቅራለች።

ምን ታድርግ፣ ታላቅ ወንድሟ አብሯት ገብቷል። መግባት ብቻ? ወንበሩን ስቦ ከሐኪሙ ፊት ለፊት ተሰይሟል። ሐኪሙ የሱ፣ ክፍያው የሱ! ደግ ሰው ነው፣ አይካድም፤ ግን እሱ ባለበት ሌላ ሰው አፍ የለውም።

«ሲጋራ ያጨሳሉ?» አላት ሐኪሙ።

«እሷ?» ወንድሟ ከት ብሎ ሳቀ። «ምን ነካህ ዶክተር! የኛ ቤት ሴት ሲጋራ? አጫሾቹ እኛ ነን። አባታችንን የበላው የሳንባ ካንሰር ነው፣ ታናሼንም። እኔን ሲጋራውን በጊዜ አስጥለኸኝ፣ በየዓመቱ ደረቴን እያየህልኝ ይኸው አለሁ። በሽታው የቤታችንን ወንዶች ነው የሚያውቀው። እሷን የካውያው እንፋሎት ነው የሚያስላት።»

ሐኪሙ ሽሮፕ ጻፈላት።

ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችው። ይህን ሽሮፕ ታውቀዋለች። አብራት ልብስ ትተኩስ በነበረችው ባልንጀራዋ መስኮት ላይ ጠርሙሱ ተደርድሮ አይታለች። ሁለቱ ከቦይለሩ ጀርባ ተደብቀው፣ አንዷን ሲጋራ እየተቀባበሉ ስንት ዘመን ገፉ! ባልንጀራዋም ሐኪም ሲጠይቃት ልጇ አጠገቧ ነበርና «ኧረ ወዲያ!» ብላ ካደች። ሽሮፑን ስትጠጣ፣ ስትጠጣ፣ እውነቱ ሲታወቅ ጊዜው አልፎ ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ «ብርድ መታት» አለ። ብርድ! በዚያ በሚያፍን ክፍል ውስጥ ከየት የመጣ ብርድ ነው?

ጀነራል በሩ ድረስ ሄዳ እጀታውን ያዘች። አሁን ከወጣሁ አበቃልኝ አለች በልቧ። ተመለሰች።

«ዶክተር፣ አጨሳለሁ።»

«ምን?» ወንድሟ ብድግ አለ። «ደክሟት ነው ዶክተር፣ የምትለውን አታውቅም...»

«ጋሼ፣ ተቀመጥ። ሳሉ የኔ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ ሐኪሙ እስክሪብቶውን እያነሳ።

«ከልጅነቴ። ጋሼ ሲጋራውን ይሰጠኝና ‹ከምድጃው ለኩሰሽ አምጪ› ይለኛል። ከጓዳ እሱ ያለበት እስክደርስ እንዳይጠፋ እስብለታለሁ። ከጠፋ ኩርኩም አለ።»

ወንድሟ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሐኪሙ የሽሮፑን ወረቀት ተቀብሏት ቀደደና ሲቲ ስካን አዘዘላት።

ከምርመራው በኋላ ሐኪሙ አልደበቃትም። «ካንሰር ነው። ግን ባቄላ ብታህል ነው፤ ሌላ ቦታ አልደረሰም። ቆርጠን እናወጣዋለን። በጊዜ ነው የመጡት።»

መኪናው ውስጥ ወንድሟ መሪውን እንደያዘ አለቀሰ። «ምነው እስከዛሬ ሳትነግሪኝ?»

«አንተ ስትመልስልኝ ተራው መች ደረሰኝ?» አለችውና ሳቋ መጣ፤ ሳቁ ሳል ሆነ። ፈርታለች፣ ማን አይፈራም? ቢሆንም ከዚህ እንደምትወጣ አልተጠራጠረችም። ዕድሜዋን ሙሉ ስትቆም እንጂ ስትወድቅ ማን አይቷት!

ሆስፒታል በምትገባበት ጠዋት ወንድሟ ሊወስዳት ላውንደሪው በር ላይ መጣ። ሻንጣዋን አንጠልጥላ ስትወጣ፣ ሽርጣቸውን እንዳደረጉ ሦስት ሴቶች ተከትለዋታል።

«እነዚህ ደግሞ እነማን ናቸው?»

«ከቦይለሩ ጀርባ ያሉት ጓደኞቼ። አጫሾች!» አለች፣ መንገደኛው ዞሮ እስኪያያት ጮክ ብላ። «አንዷ ማሳል ከጀመረች ሰነባብታለች። ያንተ ደረት በየዓመቱ ሲታይ የነሱ ምን አጠፋ?»

ሴቶቹን እፍረት ገደላቸው። አንዷማ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ወንድሟ የሚያውቀው ሰው ያየው እንደሆነ ብሎ ግራ ቀኝ ተመለከተ። ከዚያ ከመኪናው ወረደና የኋላውን በር ከፈተላቸው።

«ግቡ እህቶቼ» አለ። «ሐኪሙ ሲጠይቃችሁ እኔ ውጭ እቆያለሁ።»